የቨርቹዋላይዜሽን ላይሰንሳችሁ ማን እጅ ነው ያለው? ከተራ ለት ሰርቨር አልነሳ ብሎን የተማርነው

ፒያሳ_ሲስተም
ጥር 14፣ ማታ 3:10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ። ፅሁፉ ይረዝማል ግን እኛ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ስለምፈልግ ሙሉውን ልፃፈው። ጎንደር ውስጥ አንድ ትልቅ ድርጅት ሲስተም ክፍል ነው ምሰራው፣ ዋናው ሰርቨር ክፍላችን ፒያሳ አካባቢ ነው፣ አዘዞ ዴፖ ውስጥ ደግሞ ባክአፕ አለን። ፒያሳ 6 ሆስት (ቪኤም የሚሮጥበት ሰርቨር) አለ፣ ሁሉም ባለ 2 ፕሮሰሰር፣ 4ቱ የቆዩ በየፕሮሰሰሩ 8 ኮር፣ 2ቱ ዘንድሮ የገቡ በየፕሮሰሰሩ 20 ኮር። ከ80 በላይ ቪኤም (በሰርቨር ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሰራ ቨርቹዋል ማሽን) ይሮጥባቸዋል፣ ደሞዝ በሉት ሽያጭ በሉት ስቶር፣ የየቅርንጫፉ ሪፖርት፣ ሁሉም እዛ ላይ ነው።

2ቱን አዳዲስ ህዳር 3 ተከልናቸው። የቪኤምዌርን ቪስፊር 8 (ቪኤሞቹን የሚያሮጠው ሶፍትዌር) ጫንን፣ የቪስፊር 7ቱ ቪሴንተር (ሆስቶቹን በአንድ ላይ የሚያስተዳድረው) ቪስፊር 8 ያለባቸውን ሆስቶች ስለማያስተዳድር አዲስ ቪሴንተር 8 አቆምን፣ ላይሰንሱን በኋላ እናስገባለን ብለን በ60 ቀን የሙከራ ጊዜው ስራ አስጀመርነው። ሁሉም ሰው ሌላው ያስገባዋል ብሎ ተወው። ህዳር 3 ላይ 60 ቀን ስትጨምሩ ጥር 3 ነው። ጥር 3 ለት ሆስቶቹ ከቪሴንተሩ ተቋረጡ፣ ቪኤሞቹ ግን መሮጣቸውን ስላላቆሙ ተጠቃሚም አልጮኸ እኛም ለበዓሉ ዝግጅት ተጠምደን ማስጠንቀቂያውን አላየነውም።

ከዛ ከተራ ለት፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባህሩ ወርደው ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ባለበት ማታ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ዘገየ፣ ዩፒኤሱ አለቀ። መብራት ሲመጣ 4ቱ የቆዩት በሰላም ተነሱ። 2ቱ አዳዲስም ተነሱ፣ ግን አንድም ቪኤም አላስነሳም አሉ። ሙከራው ካለቀ የሚሮጠው ይሮጣል እንጂ አንዴ የጠፋ አይነሳም፣ ያን ለት ነው የገባኝ።

ላይሰንስ የለንም እንዳትሉኝ፣ አለን። በ2013 ለ12 ፕሮሰሰር የተገዛ ፐርፔችዋል (አንዴ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግል) የላይሰንስ ኪይ አለን፣ 2 የቆዩ ሰርቨሮች ስለወጡ የነሱ 4 ፕሮሰሰር ነፃ ነው ብለን ነበር። ኪዩ ግን የቪስፊር 7 ነው፣ 8 ላይ አይሰራም። ወደ 8 ለመቀየር የቪኤምዌር የደንበኞች ፖርታል ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፣ ፖርታሉ የተመዘገበው ከ2 አመት በፊት በለቀቀ ልጅ ኢሜይል ነው፣ ኢሜይሉን ደግሞ ልጁ ሲለቅ እኛው ነን የዘጋነው።

በመጨረሻ ስቶሬጁ የጋራ ስለሆነ ቪኤሞቹን በቆዩት ሆስቶች ላይ አንድ በአንድ መዝግበን አስነሳናቸው። ህዳር ላይ አዲስ የፈጠርናት አንዷ ብቻ ሃርድዌር ቨርዥኗ 20፣ ማለትም ከቪስፊር 8 ጀምሮ ብቻ የሚሰራ ስለሆነ 7 ላይ እምቢ አለች፣ ለሷ ባዶ ቪኤም ፈጥረን የድሮ ዲስኳን ሰካንላት። ሌሊት 9 ሰአት ላይ ጨረስን።

ጥያቄዬ እናንተ ጋ ላይሰንስ የሚከታተለው ማነው? አይቲ ነው ንብረት ክፍል ነው ፋይናንስ? ምኑ ላይ ነው ምትመዘግቡት? ደግሞስ ከዚ በኋላ በቪኤምዌር እንቀጥል ወይስ እንቀይር?

---

ማራኪ_ኔት
ጥር 14፣ ማታ 3:52

አይዞህ ወንድሜ፣ ከተራን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ማደር ከባድ ነው።

ስለ ቪኤምዌር ልንገርህ። ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ የቪኤምዌርን ግዢ የጨረሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ነው፣ በኛ ህዳር 12 ቀን 2016 በህዳር ሚካኤል ለት። ወር ሳይሞላ በዲሴምበር ፐርፔችዋል መሸጥ አቆሙ፣ የፐርፔችዋል ድጋፍ ማደስም ቆመ፣ ከዛ ወዲህ ያለው በኮር የሚከፈል ሰብስክሪፕሽን (በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ) ብቻ ነው። ያንተ የድሮ ኪይ አልተሰረዘም፣ 7 ላይ እድሜ ልክህን ልትጠቀምበት ትችላለህ፣ ግን ድጋፍህ ካለቀ ወደ 8 ሚወስድህ መንገድ የለም። ቪስፊር 7 ደግሞ ራሱ አጠቃላይ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2025 አብቅቷል፣ መስከረም 22 መሆኑ ነው። ስለዚ ኪይህ ህጋዊ ነው፣ የቆምክበት ቨርዥን ግን አዲስ ማስተካከያ አይመጣለትም። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው፣ አለቆችህ ጋ ስትገባ ለይተህ አስረዳ፣ ካለበለዚያ "ገዝተናል አላላችሁም እንዴ" ብለው ያፋጥጡሃል።

ሌላው ቆጠራ ነው። በፕሮሰሰር ቢያንስ 16 ኮር ይቆጠርብሃል፣ 8 ብቻ ቢኖርህም። እስቲ ያንተን እንምታው፣ 4ቱ የቆዩ 8 ፕሮሰሰር ናቸው፣ ሲባዛ በ16 128 ኮር፣ በእውነት ያለህ ግን 64 ነው። አዲሶቹ 4 ፕሮሰሰር ሲባዛ በ20 80። ድምሩ 208 ኮር ትከፍላለህ፣ በእጅህ ያለው 144። 64 ኮር የሌለህን ነው ምትከፍለው። ስለዚ ወደ ሰብስክሪፕሽን ከመግባትህ በፊት የቆዩትን 4 ሰርቨሮች ምን ላድርጋቸው የሚለውን መልስ።

---

ፒያሳ_ሲስተም
ጥር 14፣ ማታ 4:15

የ16ቱን ነገር አላውቅም ነበር። ሻጩ የላከልን ፕሮፎርማ ላይ 208 ይላል፣ እኛ ደግሞ ተሳስተው ነው ብለን 144 አድርጉልን ብለን መልሰን ፅፈን ነበር። ልክ ነበሩ ማለት ነው፣ ነገ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

---

ሳይንት_ጊዮርጊስ_ሰፈር
ጥር 14፣ ማታ 4:31

ምን አስጨነቃችሁ ቴሌግራም ላይ ኪዩ ሞልቶ የለም እንዴ፣ አስገብታችሁ ተገላገሉ። እዚ ድረስ መጥቶ ማን ያያችኋል

---

ማራኪ_ኔት
ጥር 14፣ ማታ 4:48

ወንድሜ ይሄን እዚህ ባትመክር ደስ ይለኛል። ህጉን ለጊዜው ተወውና ስለስራው ብቻ ላውራህ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023 ኢኤስኤክስአይአርግስ የሚባል ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) አለም ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢኤስኤክስአይ (ሆስቱ ላይ የሚጫነው የቪስፊር ክፍል) ሰርቨሮችን ቆልፏል። የገባበት ቀዳዳ ማስተካከያ የወጣለት ከ2 አመት በፊት ነበር፣ በፌብሩዋሪ 2021። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። በተሰረቀ ኪይ ስትሮጥ ማስተካከያውን ከዋናው ምንጭ ማውረድ አትችልም፣ ስለዚ እሱንም ከቴሌግራም ታወርዳለህ፣ ከዛ የድርጅቱን ደሞዝና ሂሳብ በሙሉ ማን እንደነካው በማታውቀው ፋይል ላይ ታስቀምጣለህ። ሲበላሽ ደግሞ ማንን ትጠራለህ? የ3 ሺህ ሰው ደሞዝ ያለበት ድርጅት በዚ አይቀለድበትም።

---

እትዬ_ግዢ
ጥር 15፣ ጠዋት 2:20

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ የአይቲ ሰው አይደለሁም፣ ግዢና ንብረት ላይ ከ20 አመት በላይ ሰርቻለሁ፣ ይሄን ክር ያሳየችኝ ልጄ ናት። ከኛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ ምክንያቱም ሁልጊዜ የምንጣላው እዚህ ላይ ነው።

ሰርቨር ሲገባ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥለታል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ሰው ይፈርምበታል፣ የፈረመው ሲለቅ ክሊራንስ ላይ እንጠይቀዋለን። ላይሰንስ ግን ሳጥን የለው ክብደት የለው፣ በኢሜይል ይመጣል። ኢሜይሉን የሚቀበለው አንድ የአይቲ ልጅ ነው፣ እኛ ጋ የሚቀረው የክፍያ ሰነድ ብቻ ነው። ልጁ ሲለቅ ላፕቶፕ አስረከበ፣ ወንበር አስረከበ፣ ቁልፍ አስረከበ፣ የስንት ሚሊዮን ብር ላይሰንስ ይዞ መሄዱን ማንም አያውቅም፣ እሱም አያውቅም። እኛ ጋ ይሄ ከደረሰ በኋላ ያደረግነው ላይሰንስ በተገዛ ቁጥር አይቲ ክፍሉ አንድ ገፅ ይሞላል፣ የእቃው ስም፣ ስንት ኮር ወይ ስንት ፕሮሰሰር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገበ፣ እና ያን ገፅ ይዘን እንደማንኛውም ንብረት ሞዴል 19 እንቆርጥለታለን። ኢሜይሉም የሰው ስም ያለበት አይሆንም፣ የክፍሉ ኢሜይል ይሆናል፣ ክሊራንሱም ላይ አንድ መስመር ጨመርን።

ሌላው ቀኑ ነው ልጆቼ። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ የሐምሌው በጀት ደግሞ ፀድቆ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ነሐሴ ይገባል። ላይሰንሳችሁ ሐምሌ ወይ ነሐሴ ላይ የሚያልቅ ከሆነ በየአመቱ ትጨነቃላችሁ። ሻጩን ጠይቁት፣ የሁሉንም ማብቂያ አንድ ላይ አድርጎ ወደ ህዳር ወይ ታህሳስ ይገፋላችሁ። እኛ የ4 ወር ሂሳብ ከፍለን ገፋነው፣ ከዛ ወዲህ ተንፍሰናል።

ዶላሩንም አትርሱ። ብሩ በገበያ ይወሰን የተባለው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ባጭር ጊዜ 100 አለፈ። ያኔ በሰኔ ፕሮፎርማ የያዙት በጀት በመስከረም ግማሹን አልገዛላቸውም። በጀት ስትጠይቁ በዶላር ፃፉልን፣ ብሩን እኛ እናሰላለን።

---

ፒያሳ_ሲስተም
ጥር 15፣ ጠዋት 2:55

እትዬ እግዜር ይስጥልን፣ ልጅዎንም አመስግኑልን። ይሄንን ፕሪንት አድርጌ ወደ ንብረት ክፍላችን ሃላፊ ይዤው ነው ምሄደው። ክሊራንሱ ላይ መስመር መጨመር የሚለውን ማን አሰበ፣ እኛ 3 ስብሰባ ቁጭ ብለን አልመጣልንም።

---

አራዳ_ዲቢኤ
ጥር 15፣ ከሰአት 8:40

ሁላችሁም ስለ ቪኤምዌር ኪይ ብቻ ነው ምታወሩት፣ ከላዩ የሚሮጠው ላይሰንስ ግን ከስሩ ካለው ሊበልጥ ይችላል። ፒያሳ፣ ከ80 ቪኤሞች ውስጥ ኦራክል ዳታቤዝ አለ ወይ?

ለምን መሰለህ፣ ኦራክል ቪኤምዌርን እንደ ሶፍት ፓርቲሽኒንግ ነው ሚያየው፣ ማለትም ለቪኤሙ 4 ኮር ብቻ ሰጥቼዋለሁ ብትል አይቀበልህም፣ ዳታቤዙ ሊሄድባቸው የሚችሉትን ሆስቶች በሙሉ ይቆጥራል። ኢንተርፕራይዝ ኤዲሽን ከሆነ ያንተ 144 ኮር ለኢንቴል ፕሮሰሰር በተወሰነው ማባዣ (ኮር ፋክተር) 0.5 ሲባዛ 72 ፕሮሰሰር ላይሰንስ ይሆናል፣ ለአንዲት ትንሽ ዳታቤዝ! እሱኑ ዳታቤዝ ብቻውን ባለ 2 ፕሮሰሰር 16 ኮር ሰርቨር ላይ ብታስቀምጠው 8 ነው። ስታንዳርድ ኤዲሽን 2 ከሆነ ደግሞ በሶኬት (በፕሮሰሰር መቀመጫ) ነው ሚቆጠረው፣ 2 ሶኬት፣ አለቀ።

ይሄ የፓርቲሽኒንግ ፖሊሲ የሚባለው ወረቀት ራሱ ላይ ለመረጃ ነው የውል አካል አይደለም የሚል ተፅፎበታል፣ ስለዚ የናንተ ውል ምን ይላል የሚለውን በህግ ክፍላችሁ አስነብቡ። ውላችሁን ሳታነቡ ግን ከክላስተሩ (ቪኤም ከሚዘዋወርባቸው ሆስቶች ስብስብ) ጋር አትቀላቅሉት። እኔ በነበርኩበት መስሪያ ቤት ቀላቅለነው ኦዲት መጣ፣ ከዛ 5 ወር ሙሉ ስራችን ደብዳቤ መፃፍ ሆነ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

---

ፒያሳ_ሲስተም
ጥር 15፣ ከሰአት 9:05

አለ። የስቶር ሲስተሙ ኦራክል ነው፣ ስታንዳርድ ኤዲሽን 2። ክላስተሩ ውስጥ ነው ያለው። ወይ ጉድ

---

አራዳ_ዲቢኤ
ጥር 15፣ ከሰአት 9:12

አትደንግጥ። አዲስ ሰርቨር ሳትገዛ ነው ሚፈታው፣ ከቆዩት 4 ሆስቶች አንዱን ከክላስተሩ አውጣው፣ ባለ 2 ሶኬት ነው፣ ለስታንዳርድ 2 ልኩ ነው። ሊኑክስ ጭነህ ዳታቤዙን ያለ ምንም ቨርቹዋላይዜሽን አስቀምጥበት። መጀመሪያ ባክአፕህን ሌላ ቦታ አውጥተህ መልሰህ ሞክረው፣ ከዛ አንድ ቅዳሜ ለሊት ይበቃሃል። ማራኪ ያለህን ስሌትም ያግዝሃል፣ አንድ የቆየ ሆስት ሲወጣ 32 ኮር ከሂሳብህ ይቀነሳል።

---

ቀበሌ18
ጥር 16፣ ማታ 2:00

ዊንዶውሱንም ቁጠሩ። ዊንዶውስ ሰርቨር "2016" ከሚባለው ቨርዥን ጀምሮ በኮር ነው፣ በፕሮሰሰር ቢያንስ 8 በሰርቨር ቢያንስ 16። ስታንዳርድ ሙሉ የሰርቨሩን ኮር ከሸፈንክ በኋላ 2 ቪኤም ብቻ ነው ሚፈቅድልህ። ለ4 ቪኤም ሙሉውን ኮር እንደገና ትሸፍናለህ፣ ለ6 ሶስተኛ። ዳታሴንተር ኤዲሽን ግን አንዴ ከሸፈንክ ያሻህን ያህል ቪኤም። ዋጋው የስታንዳርዱን ወደ 6 እጥፍ ስለሚጠጋ አንድ ሆስት ላይ 12 አካባቢ የዊንዶውስ ቪኤም ካለፈ ዳታሴንተር ያዋጣል፣ ከዛ በታች ስታንዳርድ።

ሰው ሚሳሳተው ቪሞሽን ላይ ነው። ቪኤሞቹ ከሆስት ሆስት የሚዘዋወሩ ከሆነ እያንዳንዱ ሆስት በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት ለሚችሉት ከፍተኛ ቁጥር ላይሰንስ ያስፈልገዋል፣ ዛሬ ለተቀመጡበት ብቻ አይደለም። ላይሰንሱን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው እንደፈለክ አታዘዋውርም፣ 90 ቀን መጠበቅ አለ። ስለዚ እኛ የዊንዶውስ ቪኤሞችን በሙሉ 2 ሆስት ላይ ሰብስበን ለነሱ ብቻ ዳታሴንተር ገዛን፣ ከዛ ውጭ እንዳይወጡ በክላስተሩ ሩል (ደንብ) አሰርናቸው፣ ሊኑክሶቹ ሌሎቹ ላይ ቀሩ። ካል (CAL) የሚባለውም አይረሳ፣ የተጠቃሚው ፈቃድ ከሰርቨሩ ለብቻው ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) ካላችሁ በቪኤም ሲቆጠር ቢያንስ 4 ኮር ነው፣ ለቪኤሙ 2 ብትሰጡትም 4 ትከፍላላችሁ።

---

ሊኑክስ_ከአዘዞ
ጥር 16፣ ማታ 2:45

እኛ ባለፈው አመት ወደ ፕሮክስሞክስ ዞረናል፣ 3 ሆስት 40 ቪኤም ነው፣ ካንተ ያነሰ ነው ግን ልምዱን ላካፍል። ፕሮክስሞክስ ቪኤምዌርን የሚተካ ሶፍትዌር ነው፣ ዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተሰራ፣ ቪኤሞቹን በኬቪኤም የሚያሮጥ፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ነፃ ነው፣ ድጋፍና የተፈተነውን ሪፖዚተሪ (ማሻሻያ የሚወርድበት ቦታ) ከፈለክ በሶኬት ትከፍላለህ፣ በኮር አይደለም። ላንተ 12 ሶኬት ማለት ነው፣ 20 ኮር ይኑረው 64 ለውጥ የለውም። ከ8.2 ወዲህ ከኢኤስኤክስአይ ቀጥታ ቪኤም ሚያስገባ ዊዛርድ አለው፣ እኛም በሱ ነው ያስገባነው።

ግን ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። ዊንዶውሶቹ ላይ የቨርትአይኦ ድራይቨር ከመዞራቸው በፊት ካልጫንክ ሰማያዊ ስክሪን ነው ሚቀበልህ። ክላስተሩ ስራ ለመቀጠል የአብላጫውን ሆስት ድምፅ ስለሚቆጥር 2 ሆስት ብቻ ከሆነ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም እጁን ያጣጥፋል፣ 3 ወይ ከዛ በላይ ጎዶሎ ቁጥር ይሁን። ስቶሬጅህ አይስካዚ ወይ ፋይበር (በኔትወርክ የሚያያዝ የጋራ ስቶሬጅ) ከሆነ ስናፕሾት (የቪኤሙን የወቅቱን ሁኔታ ማስቀመጥ) እንደለመድከው አይሆንልህም፣ 9 ላይ የጀመሩትም በሙከራ ደረጃ ነው። ባክአፕ ላይ የራሱ የፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር አለ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ቪም (Veeam) የሚባለው የባክአፕ ሶፍትዌርም ከ12.2 ጀምሮ ፕሮክስሞክስን ይደግፈዋል። ከሁሉ የከበደን ሰው ነው። ቡድኑ 8 አመት ሙሉ የቪሴንተር ስክሪን ነው ሚያውቀው፣ መጀመሪያ 2 ወር ሁሉም ነገር ወደኔ ይመጣ ነበር፣ ትዳሬ ሁሉ ተቆጥቶኝ ነበር።

ከቆዩት አንዱን ወስደህ የማያስፈራ ነገር፣ የመሞከሪያ ቪኤሞችን አስገባበት፣ 3 ወር ኑርበት። ከዛ ወስን። ላይሰንስ አስፈርቶህ በአንድ ወር ሙሉውን አትገልብጠው።

---

ማራኪ_ኔት
ጥር 16፣ ማታ 3:20

በዚህ እስማማለሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ነፃ ስለሆነ አይመዘገብም ማለት አይደለም። የፕሮክስሞክስ ሰብስክሪፕሽንም ማብቂያ ቀን አለው፣ ኪዩም ከሰርቨሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ከቪኤምዌር የሸሸ ሰው እዛም ሳይመዘግብ ከገባ ያው ነው።

ምዝገባውን በተመለከተ እኔ በእጅ የተፃፈ ኤክሴል አላምንም። አርቪቱልስ የሚባል ፕሮግራም ከቪሴንተሩ ሁሉንም ሆስት፣ ፕሮሰሰር፣ ኮር፣ ኪይ፣ ማብቂያ ቀን አውጥቶ ይሰጥሃል፣ በየወሩ መጀመሪያ አውጥተህ ከግዢ ሰነዱ ጋር አስተያየው። ከዋናው ድረገፅ ብቻ አውርደው፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸው የውሸት ገፆች አሉ።

ፒያሳ፣ ሳልረሳው፣ አዘዞ ያለውን ቆጥረሃል? 6 ያልከው ፒያሳ ያሉትን ብቻ ነው።

---

ፒያሳ_ሲስተም
ጥር 16፣ ማታ 3:31

አዘዞ ያለው የባክአፕ ሰርቨር ብቻ ነው፣ ቨርቹዋል አይደለም። በቪሴንተሩ ላይም የለም።

---

ማራኪ_ኔት
ጥር 16፣ ማታ 3:34

በቪሴንተሩ ላይ ስለሌለ ነው እኮ ምጠይቅህ። ሄደህ በአይንህ እየው።

---

እንኮይ_መስክ
ጥር 17፣ ጠዋት 4:10

ስለ ቀን ልናገር፣ እኛን የጎዳን እሱ ስለሆነ። ሻጩ 10/02 ብሎ ይፅፋል፣ እሱ ኦክቶበር 2 ማለቱ ነው፣ የኛ መዝገብ ያዥ ቀኑን አስቀድማ ስለምታነብ ፌብሩዋሪ 10 ብላ አነበበችው፣ ከዛ ወደ ኢትዮጵያ ቀየረችውና የካቲት 3 ብላ መዘገበች። ትክክለኛው መስከረም 22 ነበር። አራት ወር ከምናምን አለን ብለን ተቀምጠን አለቀብን። ኤክሴል ደግሞ ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም፣ የኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን አስገብተህ ቀሪ ቀን አስላ ስትለው የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ታህሳስ 30ም የካቲት 30ም በኛ አለ፣ በሱ ፌብሩዋሪ 30 የለም።

አሁን ምናደርገው ስሌቱን በፈረንጅ ቀን፣ የወሩን ስም በፊደል ፅፈን፣ ጎን ለጎን ደግሞ የኛን ቀን ለሰው እንዲነበብ። ማስታወሻው 6 ወር፣ 3 ወር፣ 1 ወር ሲቀረው ለሶስት ሰው ይሄዳል፣ ለአይቲ፣ ለግዢ፣ ለፋይናንስ። 6 ወር የበዛ እንዳይመስላችሁ፣ ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ ኮሚቴ፣ የውጭ ምንዛሬ ጥያቄ፣ ባንክ፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል።

አባቶቻችን ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ያሉት ለኛ አይነቱ ነው።

---

ፒያሳ_ሲስተም
ጥር 24፣ ማታ 2:30

ተመለስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ቆጠራ ላይ ነበርን።

አንደኛ ማራኪ ልክ ነህ። ቅዳሜ አዘዞ ሄድኩ። ከክላስተሩ ወጡ ካልናቸው ከ2ቱ የቆዩ ሰርቨሮች አንዱ ባክአፕ ክፍሉ ጥግ ላይ ቆሞ ይሰራል! ኢኤስኤክስአይ 7 አለበት፣ 3 ቪኤም ይሮጥበታል፣ ኪዩ ያው የ12ቱ ኪይ ነው። ቪሴንተር ውስጥ ስለሌለ ማንም አልከለከለውም፣ በቀጥታ ሆስቱ ላይ ነው የተፃፈበት። ከከተራ በኋላ አዳዲሶቹን ወደ 7 መልሰን ኪዩን ስላስገባንባቸው ፒያሳ ብቻ 12ቱን ሞልቶታል፣ ከአዘዞው ጋር 14 ፕሮሰሰር ላይ እየሮጥን ነበር ማለት ነው። ሳናውቅ ነው፣ ግን ኦዲተር ቢመጣ አለማወቃችን አያድነንም ነበር። 3ቱን ቪኤም አየናቸው፣ 2ቱ ከ2014 ጀምሮ ማንም አልገባባቸውም፣ አንዷ የአዘዞ የበር ካርድ ሲስተም ናት። እሷን ወደ ፒያሳ አምጥተን ሰርቨሩን አጠፋነው፣ ንብረት ክፍል መጥቶ ተረክቦታል።

ሁለተኛ የለቀቀው ልጅ። አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ስልኩን ፈልጌ ደወልኩለት፣ ቅር ይለው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ስራውን ጨርሶ ማታ 2 ሰአት ላይ ቁጭ ብሎ እስከ 5 ሰአት ረዳን። የድሮው የቪኤምዌር ፖርታል እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ወደ ብሮድኮም ሲዞር የድርጅቱ መለያ ቁጥር የት እንደተፃፈ ነገረን፣ የግዢውን ሰነድና የድርጅቱን ደብዳቤ አያይዘን አካውንቱ ወደ ክፍላችን ኢሜይል እንዲዞር አመለከትን። ትላንት ዞረልን። ወደ 8 መቀየሪያ የለንም፣ ድጋፉ ከ2016 ጀምሮ አልታደሰም፣ ያንን ቢያንስ አሁን በፅሁፍ እናውቃለን።

ሶስተኛ ኦራክሉን ከክላስተሩ አውጥተነዋል፣ አራዳ በስልክ እስከ ሌሊት 8 ሰአት አብራን ነበረች። እህቴ ውለታሽ አለብኝ።

አሁን ከ80 በላይ ያልኳቸውን ቪኤሞች አንድ በአንድ ባለቤታቸውን ጠይቀን 61 ቀርተዋል፣ ሌሎቹን ማንም የኔ ናት አላለም፣ አጥፍተን ለ2 ወር ዲስካቸውን ብቻ እናቆያለን። 61ዱ በሚፈልጉት ሜሞሪ (ራም) መጠን 2ቱ አዳዲስ ሆስቶች ላይ አይበቁም፣ ራም ከተጨመረ ግን ከአንድ የቆየ ሆስት ጋር ይበቃሉ። ያኔ 80 እና 32፣ 112 ኮር ነው ሚሆነው፣ ከ208ቱ ወደ ግማሽ ወረደ። የቀሩት 2 የቆዩት ላይ ሊኑክስ ከአዘዞ እንዳልከው ፕሮክስሞክስ እንሞክራለን፣ ሶስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን አግኝተናል።

---

እትዬ_ግዢ
ጥር 25፣ ጠዋት 2:05

ጎበዝ ልጄ። የራሙን ጥያቄ ከላይሰንሱ ጋር አንድ ላይ አታቅርቡ፣ ራም እቃ ነው፣ አገር ውስጥ በብር ይገኛል፣ በዚህ ወር ሊያልቅላችሁ ይችላል። 112ቱን ኮር ለብቻው በዶላር ፅፋችሁ አሁን አስገቡ፣ እስከ ግንቦት ፕሮፎርማው ይሰበሰባል። ያ ገፅ ላይ ማን ነው የሚፈርመው?

---

ፒያሳ_ሲስተም
ጥር 25፣ ጠዋት 2:40

እኔና የንብረት ክፍሉ ሃላፊ አብረን ነን እትዬ፣ ሰኞ ጠዋት እንፈርማለን። የአዘዞውን ሰርቨር ሞዴል 19 ቁጥርም ከድሮ መዝገብ አግኝተነዋል፣ ከሱ ነው ምንጀምረው።